ጠያቂዎቹን ቆሞ የተቀበለው አንጁሎ

አንጁሎ ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ብሎኬት ማምረቻ ሲሠራ፣ የብሎኬት ክምር ተንዶ ቅልጥሙን ሰበረው። ውሎ አድሮ አጥንቱ ገጠመ፤ ጄሶውም ተፈታ፤ እግሩ ግን አልታዘዝ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሳህሊቱ፣ «እግርህን ያሰለለው መተኛት ነው። ቢያምህም ቀስ እያልክ ተራመድ፤ ያመመ ሁሉ ተሰበረ ማለት አይደለም» ስትለው በጥርጣሬ ዓይን አያት። ሆኖም ሞከረው። ማለዳ ማለዳ ከጓሮው እንሰት መካከል ምርኩዙን ይዞ ሲመላለስ፣ እግሩ ጥቂት ጥቂት ይፍታታለት ጀመር።

ጣጣው የአጥር በር ሲንኳኳ ነበር። የአጥቢያው ምእመናን ቅቤ የጠጣ የእንሰት ምግብ፣ ሙቿ፣ በሳህን ከድነው ሊጠይቁት በመጡ ቁጥር፣ አንጁሎ እያነከሰ ሮጦ አልጋው ላይ ይወጣል። ታማሚ ሊጠይቅ የደከመ ሰው ታማሚውን ቆሞ ቢያገኘው ምን ይላል? ከዚያም በላይ አሠሪው አቶ ሰብስቤ፣ «አንጁሎ ሕመሙን ምክንያት አድርጎ ተንደላቋል» ማለታቸውን ሰምቷል። ቆሞ ከታየ ውሸታም ሊባል፣ ተኝቶ ከከረመ የሥራ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ሆነ። እንዲያምኑት ሲል ተኛ፤ በተኛ ቁጥር እግሩ ከሳ።

አንድ እሑድ፣ ከጸሎት መልስ፣ ሚስቱ ትህትና በአጥሩ ቀዳዳ አየችና፣ «ጋሽ ኤርካሎ ሰዎች አስከትለው እየመጡ ነው። አቶ ሰብስቤም አሉ። በል ሩጥ፣ አልጋህ ናፍቆሃል!» አለችው።

ነገሩ አንገበገበው። «አልሮጥም» አለ፤ ሄዶም ደጃፉ ላይ ቆመ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ኤርካሎ ደነገጡ። «አንተ ሰው! ማን ተነሥ አለህ?»

«ባለሙያዋ ናት፣ ጋሼ።»

አቶ ሰብስቤ ፈገግ አሉ። «ድነሃላ! ነገ የብሎኬት ቅርጽ ማውጫህን ታነሣለህ።»

«አልዳንኩም፣ አቶ ሰብስቤ። እየዳንኩ ነው።»

«ይህ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ብሎኬት ከቅርጽ ማውጫው በወጣ ዕለት ይሸጣሉ? ውኃ እያጠጡ ያቆዩታል፤ ገና አልጠነከረም ብለውም አይጥሉትም። እኔንም እንደዚያው ይያዙኝ። ቅርጽ ማውጫ አላነሣም። እስከ ቀትር ብሎኬት ላጠጣ፤ ሲያመኝ ልቀመጥ፤ ስቀመጥ ሰነፍ አይበሉኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ልዋል። ቦታዬን ለሌላ ሰጥተውት ከሆነ ግን እዚሁ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ይንገሩኝ።»

ሳህን ከያዙት ሴቶች አንዷ በነጠላዋ ሥር ሳቀች። አቶ ሰብስቤ ወደ ሽማግሌው ዞሩ፤ ሽማግሌው ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«ቦታህ አለ። ነገ ና፣ እስከ ቀትር» አሉ በመጨረሻ። «ዓይኔ ግን ካንተ ላይ አይነሣም።»

«የእኔም ከእርስዎ ላይ አይነሣም።»

ጋሽ ኤርካሎ፣ «እንግዲህ እንጸልይ፤ ወንድማችን ይቀመጥ» አሉ።

«ቆሜ ይጸለይልኝ።»

የጋሽ ኤርካሎ ጸሎት ደግሞ ረጅም ነው። እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ በግንባሩ ወረደ፤ አንጁሎ ግን አልተቀመጠም። አቶ ሰብስቤ በጸሎቱ መካከል አንድ ዓይናቸውን ገልጠው እግሩን ሊሰልሉ ሲሞክሩ፣ የአንጁሎ ሁለቱም ዓይኖች ቀድመው ተገልጠው ይጠብቋቸው ነበር።