የዝናብ ሽቶ የተስማማት ሰሞን

የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ላይ ወድቆ መሬቱ ሲሸት ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ አፍንጫዬን እይዛለሁ፤ ወልድያ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «አንቺ ደግሞ የማይጠላ ትጠያለሽ» እያሉ ይስቁብኛል፣ እኔም ጉንፋን ነው ብዬ አልፋቸዋለሁ። ሽታው ግን እየጎተተ የትውልድ ከተማዬ መርሳ ያደርሰኛል፣ ከመስጊዱ አጠገብ ወደነበረችው ወደ አባቴ የሽቶ ሱቅ።

አባቴን ሰው ሁሉ ጋሽ እንድሪስ ነበር የሚላቸው። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ከባቲና ከኮምቦልቻ የሚመጡት ትንንሽ ጠርሙሶች መደርደሪያው ላይ ተደርድረው፣ ሚስኩ ከዑዱ፣ ዑዱ ከጽጌረዳው ተቀላቅሎ፣ ደብተሬ ሳይቀር ሽቶ ሽቶ ይል ነበር። አባቴ ታዲያ ገዥ ሲመጣ ዝም ብለው አይሸጡም። መጀመሪያ ያጫውቱታል፣ ያስቁታል፣ ትንሽም ያናድዱታል፤ ከዚያ ጠባዩን ለይተው አንዱን ጠርሙስ ያነሡና እጁ ላይ ጠብ አድርገው «ሂድና የዐስር ሶላት ሰግደህ ተመለስ» ይሉታል። ሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ሳለ ሁሉም ያምራል፣ ጉዱ የሚታየው ገላ ላይ ሲውል ነው ባይ ነበሩ። እናቴ «ሽቶ ነው የሚሸጡት ወይስ ሰው ነው የሚድሩት?» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

አንድ ዓመት በልጉ ዘግይቶ ሰማዩን በጉጉት በምናይበት ሰሞን፣ አንድ ነጋዴ ከጅቡቲ በኩል የመጣ ሽቶ ይዞላቸው መጣ፤ ሲከፈት ልክ ዝናብ የነካው ደረቅ መሬት ይሸት ነበር። አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ደጋግመው አሸተቱና «ይሄ ለጭምት ሰው አይሆንም፣ ለኩሩም አይሆንም» አሉ፤ «ነጎድጓዱ ቀድሞ ለሚሰማ፣ ኋላ ግን ሁሉን ለሚያጠጣ ሰው ነው የሚስማማው።» እኔም እናቴም አፍታ ሳንቆይ ወደ ዘይነባ ዞርን።

ዘይነባ ታላቅ እኅቴ ናት። ስትቆጣ ጎረቤት ይሰማታል፤ እኔን ከቤት አባርራ በሩን ከዘጋችብኝ በኋላ ግን ራሷ ፈልጋ ታገኘኝና፣ ማንጎ ልጣ እየቆረሰች ታጎርሰኝ ነበር። እሷ አትበላም፤ ጣቷን ብቻ ልሳ «ይበቃኛል» ትላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር ስለነበረባት፣ ጧትና ማታ ራሷን በራሷ በመርፌ እየወጋች ነበር የምትኖረው።

የዝናቡ ሽቶ ግን ገላዋ ላይ ሲያርፍ ኮመጠጠ። «አብዬ፣ ዝናብዎ እኔ ላይ ኮመጠጠ እኮ!» ብላ ጮኸች። አባቴም ተሸነፍኩ ማለት አይሆንላቸውምና «ገና ነው፤ ገላሽ ይልመደው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ትቀባለች፣ እሳቸው አንገቷ ሥር አሽትተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኛም እንስቃለን።

ክረምቱ ሲበረታ ጦርነቱ መጣ። ከወልድያ የሸሸው ሰው ፍራሹንና ልጁን ተሸክሞ በአስፋልቱ ወደ ውርጌሳ ሲጎርፍ፣ እኛ ግን የዘይነባን መድኃኒት ያለ ማቀዝቀዣ ይዘን የት እንደምንደርስ ስላልገባን ቀረን። የቀረንለት ማቀዝቀዣም ብዙ አልቆየም፣ መብራት ጠፋ፤ እናቴ መድኃኒቱን በማሰሮ አድርጋ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበረችው። ታጣቂዎቹ ከተማዋን ከያዙ በኋላ መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ሆኑ፣ መንገዱ ከፊትም ከኋላም ተዘጋ። የአባቴም ሱቅ ተዘረፈና ኪሳቸው ውስጥ የነበሩት ጥቂት ጠርሙሶች ብቻ ተረፉ።

አባቴ በእግራቸው ወልድያ ሄደው መድኃኒት ሊፈልጉ ተነሡ። በዚያ መንገድ ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ «አለኝ እኮ አብዬ፣ ኅዳር ድረስ ያደርሰኛል፤ እርስዎ ከሞቱብኝ መርፌው ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጮኸችባቸው። እሳቸውም አምነዋት ተቀመጡ። እሷ ግን ማሰሮውን ሌላ ሰው ሳታስነካ፣ ግማሽ፣ ኋላም ከግማሽ በታች እየወጋች ስታብቃቃው ኖራለች፤ ይህን ያን ጊዜ ማንም አላወቀባትም።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ እህል አለቀ፤ ንፍሮ በልተን የምንውልበት ቀን በዛ። ዘይነባ ከሳች፣ ግን ያልከሳ ማን ነበር? ውኃ እየደጋገመች ትጠጣ ነበር፣ ሙቀት ነው አልን። ጥቅምት ላይ አንድ ጁምዓ እንደ ልማዷ ሽቶውን ተቀብታ አባቴ ሊያሸቷት ጎንበስ ሲሉ፣ ድንገት ቀና ብለው «ዘይነባ! ተስማማሽ!» አሉ። ጠርተውን እኔና እናቴም ተጠግተን አሸተትን፤ እውነትም ጣፈጠ፣ በጣም የበሰለ ዘይቱን ዓይነት ሽታ። ታጣቂዎቹ ከገቡ ወዲህ በቤታችን ሳቅ የተሰማው ያን ቀን ነው። አባቴ ልጃቸው የዳነችላቸው ያህል ደስ ብሏቸው፣ በየቀኑ ሲያብሰለስሉት የነበረውን የወልድያ መንገድ ያን ሰሞን አላነሡትም።

ከዚያ ማስመለስ ጀመራት፤ ሩጫ እንደሮጠ ሰው ከሆዷ ትተነፍስ ጀመር። ከተማ ውስጥ የቀረ አንድ ነርስ እናቴ ለምናው በጓሮ በኩል መጣ። ገና ጎንበስ ሲል «ይሄ ሽታ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ሽቶዋ ነው ልጄ» አሉት አባቴ፤ «የዝናብ ሽቶ ነው፣ በቅርብ ነው የተስማማት።»

ነርሱ እንደገና ጎንበስ ብሎ አፏ አጠገብ አሸተተና «ሽቶ አይደለም ጋሼ» አላቸው። «ትንፋሿ ነው። መርፌው ሲጎድልና ስኳሩ ሲበረታ ነው እንዲህ የሚሸተው።»

እናቴ አሸዋውን በእጇ ቆፍራ ማሰሮውን አወጣችው፤ ብልቃጦቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ነርሱም ከባዶ እጁ በቀር ምንም አልነበረውም። ዘይነባ በማግስቱ አረፈች። ሴቶቹ በቁርቁራ ቅጠል አጥበው ለከፈኑ ሽቶ ሲጠይቁ፣ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ሽቶ አይነካትም» አሉ። የሽቶ ነጋዴ ልጅ ያለ ሽቶ ተቀበረች።

በታኅሣሥ መንገዱ ተከፈተ፤ መድኃኒቱም መጣ። እናቴ መኪናው ሲራገፍ በእግሯ ሄዳ ቆማ አይታው ተመለሰች። አሁን አስፋልቱ ዳር ባለው መድኃኒት ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተደርድሮ አየዋለሁ፣ ማንም ገብቶ ገዝቶት ይወጣል። አባቴ በሱቃቸው ሳሙናና ነጠላ ጫማ ይሸጣሉ። ዘይነባ ታላቄ ነበረች፤ ዛሬ በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ ይህንም ልለምደው አልቻልኩም።

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ግንባሬን ስመው «ዛሬ ደግሞ ጠመኔ ጠመኔ ትሸቻለሽ» ብለው ያስቁኝ ነበር። አሁን ከወልድያ በሚኒባስ ስመጣ፣ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይይዙና አፍንጫቸውን አፌ ሥር አስጠግተው ይቆያሉ። ስኳር የለብኝም፤ ተመርምሬ ነግሬያቸዋለሁ። ቢሆንም ቀስ ብዬ እተነፍስላቸዋለሁ፤ እስኪለቁኝም አልንቀሳቀስም።