ዝቅ ያለው አግዳሚ

ትናንት ልጄ አዲስ ነጠላ ገዝታ መጣችና ጭኔ ላይ ዘረጋችልኝ። ገና ያልታጠበው ፈትል ሲሸተኝ፣ ወገቤ ከእኔ ቀድሞ አስታወሰ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሐይቅ አጠገብ ባለው ታቦር ሰፈር ውስጥ ሸማ በሚሠራ ቤት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር እሠራ ነበር። የምንኖረውም በአንድ የኪራይ ክፍል ነው። ጎን ለጎን፣ መደገፊያ በሌለው ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለን እንሸምን ነበር። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ለምሳ ስንነሣ ጉልበታችን ይንቋቋል።

"ተነሺ እንጂ አንቺ አሮጊት!" ትለኛለች።

"አንቺ ቅደሚ፣ እማማ!"

በመስኮቱ የሐይቁ ነፋስ ይገባል፤ እንስቃለን።

አንድ ቀን የጤና ባለሙያ ልትጎበኘን እንደምትመጣ ተነገረን። ጓደኛዬ፣ "ሁለታችንም የሚያመንን ከተናገርን አግዳሚውን ያስለውጡልናል" አለች። ሐሳቡ የእሷ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይን። ጮክ ብላ አሜን ያለችውም እሷ ነች።

ባለሙያዋ መጥታ መጀመሪያ እኔን ጠየቀችኝ። አሠሪያችን በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች። ወገቤን፣ አንገቴን፣ ጠዋት ጠዋት የሚደነዝዙትን ጣቶቼን ሳልደብቅ ተናገርኩ።

"አንቺስ?" አለቻት ጓደኛዬን።

"እኔማ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።" ዓይኗን ከድሩ አላነሣችም። "እሷ ድሮም ሥራ ይከብዳታል።"

አሠሪያችን ሳቀች። ባለሙያዋ ደብተሯን ዘጋች። አግዳሚው እንደነበረ ቀረ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ከሽመና ተነሥታ የአሠሪያችን ሱቅ ሻጭ ሆነች። ቃል የተገባላት ከጉብኝቱ በፊት እንደነበር ራሷ አሠሪያችን ነገረችኝ። ታዲያ ያን ጸሎት ለምን ጸለየችው? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚሁ ወገብ አራት ልጆች አሳደግኩ። አላማርርም።

ጓደኛዬ ሱቅ በዋለችበት በመጀመሪያው ቀን፣ አመሻሽ ላይ ወደ ክፍላችን ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለችና መሃል ላይ ቀረች። ዝቅም ቀናም ማለት አቃታት። ግንባሯን ላብ አጠመቀው።

"እህቴ… ማሰሪያውን…" አለች።

የእኔም ወገብ እንቢ እያለኝ ተንበርክኬ አንዱን ፈታሁ፤ ሁለተኛውንም ፈታሁ። ቀና ብዬ ግን ፊቷን አላየሁም።