ድንጋይ የምትልሰው እህቴ

እህቴ ድንጋይ ትልሳለች። ይህን ስናገር ሰው የማፌዝ ይመስለዋል፤ ሥራዋ ነው። የአርኪዮሎጂ የመስክ ቴክኒሻን ናት። በተጠበቀ የዱር ፓርክ ውስጥ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እየዞረች የጥንት ሰው ጥሎት የሄደውን ትፈልጋለች። በፓርኩ ሕግ መቆፈር ክልክል ነው፣ ማንሳት ክልክል ነው፣ ማንቀሳቀስም ክልክል ነው። ታያለች፣ ትለካለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ጽፋ ባዶ እጇን ትመለሳለች። "ታዲያ ምኑ ሥራ ሆነ?" እላታለሁ። ልጅ ሆነን ቁልፍ ጠፋ ሲባል አልጋ ሥር በደረቷ ተስባ ትገባና፣ ቁልፉን ትታ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አዝራር ይዛ ትወጣ ነበር። ዛሬም ያው ናት።

ያን ሰሞን የኔ ልብ የነበረው ፓርኩ ውስጥ ሊሠራ በታሰበው መንገድ ላይ ነው። አባታችን የሥራ ዘመኑን ሙሉ የዚያው ፓርክ ጠባቂ ነበር። እግሮቹ ከከዱት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ሐይቁን ካየ ስድስት ዓመት አልፎታል። ፓርኩ ከበሩ እስከ ሐይቁ ድረስ ለዊልቸር የሚመች የእግር መንገድ ሊሠራ ነው ሲባል፣ አባዬ የድሮ ኮፍያውን አስጠርጎ በሩ ላይ ሰቀለው። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝና አዲስ ሸሚዝ ሰፋሁለት። መንገዱ በአንዲት ተዳፋት በኩል ካላለፈ ሌላው ሁሉ ገደል ነው፤ በደረጃ ካልሆነ አይኬድም።

ሥራው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው መስመሩ ላይ ቅርስ አለመኖሩን አይታ እንድትፈርም የተላከችው እህቴ ናት። "ለወጉ ያህል ነው፣ ቶሎ ፈርሚና ነይ" አልኳት ጠዋት ስትወጣ።

ከተዳፋቷ መሃል አንድ የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ አለ። ከሥሩ ጥፍር የሚያክሉ ነጣ ያሉ ስብርባሪዎች አየች። የኖራ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ አጥንትም ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አይለየውም። ያረጀ አጥንት ግን ውስጡ ደርቆ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሚሆን ምላስ ይይዛል፤ ድንጋይ አይዝም። ማንሳት ስለማይቻል በሆዷ ተኛች፣ አቧራውን እፍ አለችና ምላሷን አሳረፈች። ያዛት።

የመንገዱ መሐንዲስ ከላይ ቆሞ ያያል። "ምን ነካሽ እህቴ? ውሃ ላምጣልሽ?" አላት።

"ይልቅ ና ተኛና ቅመስ።"

ሰውዬው ሳቀ፤ ዙሪያውን ቃኘና ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጥ ተኛ። ሲነሳ ሳቁ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ እሱንም ያዘው፤ ከሰዓት በኋላውን ሁለቱም በጉልበታቸው ሲድሁ ዋሉ። በማጉያ መነጽር ሲያዩት አጥንቶቹ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ጎን ለጎን ተሰምረዋል፤ ሥጋ በስለት ሲላጥ የሚቀር ምልክት ነው። ስለቱም አጠገቡ ወድቋል፤ ጠርዙ አሁንም ጣት የሚቆርጥ የድንጋይ ስንጣሪ። እዚያ ሰዎች ተቀምጠው በልተዋል። ስንት ነበሩ? ያረዱትስ ምን ነበር? የበሉት እየተሳሳቁ ነው ወይስ ዞር ዞር እያሉ እየፈሩ? የምትፈርምበትን ቅጽ እስክታወጣ ድረስ አባዬን ፈጽሞ ረስታው ነበር፤ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

መሐንዲሱ "እኔ ያየሁት ነገር የለም፤ አንቺ የጻፍሽውን ነው የምሠራው" አላት። ብትተወው ማንም አያውቅባትም። ብዕሯን ይዛ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ "መንገዱ በዚህ ማለፍ የለበትም" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ቤት ገብታ ስትነግረን ደሜ ፈላ። "አጥንት ከአባትሽ በለጠብሽ?" ብዬ ጮህኩባት። እንደ ቆመች አለቀሰች። አባዬ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ሐይቁን በጣም ፈልጌው ነበር" አለ።

ከዚያ ፊቱን ሳይመልስ፣ "የቱ ጋ ነው ያገኘሽው?" ብሎ ጠየቃት።

"ከተሰነጠቀው ድንጋይ ሥር፣ አባዬ። በሐይቁ በኩል።"

ይሄን ጊዜ ዞረ። "ጥላው ሥር? እዚያ እኮ ነው ምሳዬን እበላ የነበረው! የኔ ትራፊ ቢሆንስ ልጄ?" ፊቱ ላይ ተስፋ አየሁ። አልዋሽም፣ እኔም ተስፋ አደረግኩ።

"በድንጋይ ስለት ነበር እንዴ ሥጋ የምትቆርጠው?" አለችው እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

አባዬ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገና "ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነው የተቀመጡት?" አላት።

"ይመስለኛል።"

"አይ እኔ!" አለ፤ እየሳቀ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስበላ፣ አንድ ቀን እንኳ እንብላ ሳልላቸው!"