ውኃ ያወጣው ጠባሳ

ሼህ እንድሪስና መምሬ ታዬ ለሽምግልና ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፈረሱን የሸጠልኝ ይመር በስተቀኛቸው ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። እኔ የፈረሱን ገመድ ይዤ በስተግራ ነኝ። ገበያተኛው ከቦናል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ማን የት እንደቆመ አልጠፋኝም። ያደረግሁትም እስካሁን አልቆጨኝም።

ፈረሱን የገዛሁት እግሩን ለሚያመው ባለቤቴ ነበር። መስከረም ላይ፣ ሣሩ ለምልሞ ሳለ፣ ደረቱ በጌጥ ተሸፍኖ ተረከብኩት። በጋ ገብቶ ጭድ መብላት ሲጀምር ያስለውና ያለከልክ ጀመር። ባለቤቴ ያን በጋ ከቤት ሳይወጣ ከረመ። ለይመር ብነግረው ደህናውን ፈረስ አበላሸችው ብሎ አገር ምድሩን አዳረሰ።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አስም ነው አለኝ። የጭድ አቧራና ሻጋታ ሳንባውን ከውስጥ እንደሚያቃጥለው፣ እርጥብ ሣር ውስጥ ያን ቃጠሎ የሚከላከል ቫይታሚን እንዳለ፣ ደረቅ ጭድ ግን ያ እንደሌለው አስረዳኝ። ከዚያ ወዲያ ጭዱን በውኃ እየነከርኩ፣ ከወንዝ ዳር ሣር እያጨድኩ አበላሁት። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ተመለሰ። አንድ ቀን ሳጥበው ደረቱ ላይ ያለውን አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሽማግሌ አስጠራሁ።

ይመር ፈረሱ እሱ ቤት ሳለ አንድም ቀን ስሎ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ፈረስ እንደ ዶሮ አይያዝም፣ አንቺ ሴትዮ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ይማልልኝ ብቻ አልኩ። በልጆቹ ማለ።

ምሎ እስኪጨርስ ጠበቅሁና በጀሪካን ያመጣሁትን ውኃ ፈረሱ ደረት ላይ አፈሰስኩ። ፀጉሩ ሲተኛ በጋለ ብረት የተተኮሰበት ጠባሳ መስመር በመስመር ወጣ። በእኛ አገር ደረቱን የሚተኮሰው የሚያስለው ፈረስ መሆኑን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ሼህ እንድሪስ ተነሥተው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይኼ የዘንድሮ አይደለም፣ ይመር።»

«በልጆችህ ነው የማልከው» አሉ መምሬ።

አሁን የሳቀ የለም። ይመር ፈረሱን ልመልስ አለ። አይሆንም አልኩ። እኔ የፈለግሁት መሐላውን ነበር።

ሰው ሲበተን ይመር ከኋላዬ መጣ።

«እትዬ፣ ቤት ያለችው ባዝራዬም ያንኑ ሳል ጀምራለች። ብተኩሳትም አልተሻላት። ይኼን በምን አዳኑት?»

ገመዱን ሳብ አድርጌ መንገዴን ቀጠልኩ።