በአጥሩ ቀዳዳ የቆምኩ አስተርጓሚ

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ጣት የምታክል የመኪና ዕቃ ተጋድማለች። ኤርፍሎ ሴንሰር ይሏታል። ሥራዋ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ለክታ ለኮምፒውተሩ መንገር ነው፤ እሱም በነገረችው ልክ ቤንዚን ይሰጣል። እሷ ስትሳሳት ያ ሁሉ ብረት አብሯት ይሳሳታል።

አሮጌዋ መኪናዬ ሰሞኑን ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ከፍ ዝቅ እያለች ታቃስት፣ ዳገት ሲገጥማት ትንተባተብ ነበር። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ አራገፍኩ፣ ቤንዚን ሻጩን በሆዴ ሰደብኩ። አልተሻላትም። በመጨረሻ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ የዚህችን ሶኬት ነቀለው። ሞተሩ ወዲያው ረጋ።

«አየህ ጋሼ፣ የምታምሰው ስትናገር ነው። ዝም ስትል ኮምፒውተሩ በራሱ ግምት ይሠራል» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። «ይህቺን አውቃታለሁ» አልኩት። «ልጅ እያለሁ እኔ ነበርኩ።»

ያኔ ቁጭ ማለት አላውቅም፤ እናቴ «ይሄ ልጅ ጉንዳን ውጦ ነው» ትል ነበር። አባቴ ከወለጋ የመጣ ነው፤ ቤታችን አሶሳ ዳር ላይ ነበር። የጎረቤታችን የቤርታው ሰው ልጅ ሐሚድ ጓደኛዬ ነበር፤ አባቱንም አቡ ሐሚድ፣ የሐሚድ አባት፣ እንላቸው ነበር። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው የቀርከሃ አጥር ላይ አንድ ቀዳዳ ነበረች። በእሷ ሾልከን ማንጎው ሥር እንገናኛለን፤ የበሰለው ማንጎ ሽታ ከዝናብ በኋላ እስከ መኝታችን ይመጣ ነበር።

አባቴ ኦሮምኛ፣ አቡ ሐሚድ ቤርትኛ ይናገራሉ። አማርኛቸው ከገበያ ዋጋ ብዙም አያልፍም። የሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው እኔ ስለነበርኩ አስተርጓሚ ተባልኩ። ጥሪው ደግሞ ሁልጊዜ የእኔና የሐሚድ ጨዋታ ሊደምቅ ሲል ነው።

ሁለቱም ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ የሚገቡ ሰዎች አይደሉም። አባቴ ስለ አዳራቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቱ፣ መንጌ ወረዳ ስላሉት እህታቸው ጠይቆ ጠይቆ መጨረሻ ላይ የፍየሏን ነገር ያነሳል። እኔ አንድ እግሬን ወደ ማንጎው አዙሬ፦ «ፍየልዎ በቆሏችንን በላች ይላል።» አቡ ሐሚድም ደረታቸውን ይዘው ያንኑ ያህል ይናገራሉ። እኔ፦ «አላየሁም ይላሉ።»

አባቴ እቤት ሲገባ ይብሰለሰላል። «ይሄን ሁሉ ተናግሮ አላየሁም ብቻ? ሌላው ምንድን ነው፣ እርግማን?» ሐሚድም በበኩሉ የአባቱን ያመጣልኛል፦ «አባትህ ረጅም ስድብ ይችላል አሉ። አንተ ደብቀህለት ነው አሉ።»

ፍየሏ ተመላለሰች። አባቴም አንድ ቀን ማለ፤ አሁን ብትደግም ቀዳዳዋን በእሾህ ዘግቶ፣ ከዚያ ግቢ ጋር ሰላም መባባል ሊያቆም። ሐሚድን ላጣው ነው! እንቅልፍ አጣሁ። ንግግሩ ባነሰ ቁጥር ጠቡ ያንሳል ብዬም ከበፊቱ ይበልጥ መቁረጥ ጀመርኩ። ብልህነቴን እዩልኝ!

ፍየሏ የደገመች ቀን እኔ ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። አባቴ እሾሁን እየጎተተ ሲወጣ ልነሳ ስል እናቴ ደረቴን ተጭና መለሰችኝ። «ተኛ! ዛሬ ደግሞ ማንን ልታጣላ ነው?»

በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። የአባቴ ኦሮምኛ ረዘመ። የአቡ ሐሚድ ቤርትኛ ረዘመ። ከዚያ አቡ ሐሚድ በገበያ አማርኛቸው፦

«ልጅ የታለ?»

«ልጅ ታመመ። ወባ።»

«ወይ! ወባ መጥፎ ነው። ፍየል ሌባ ነው፣ እኔ አስራለሁ። ልጅ ይሻላል፣ ኢንሻአላህ።»

እሾሁ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

ማታ አቡ ሐሚድ ከሐሚድ ጋር ሊጠይቁኝ መጡ። ግንባሬን ዳስሰው በቤርትኛ ብዙ ተናገሩ። አባቴ «ምን አለ?» አለኝ። የምሮጥበት ጉልበት ስላልነበረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ነገርኩት፤ ስለ አዳራችን፣ ስለ እናቴ ወገብ፣ ስለ ከብቶቹ፣ አንድም ሳላስቀር። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚለው?»

ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሬ ሳብኩት።

ዛሬ የሁለቱም ግቢ ልጆች አማርኛውን ያንበለብሉታል፤ አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። ሰላምታቸው ግን ስልክ ላይ የሚላክ አንድ የአውራ ጣት ሥዕል ነው፤ እኔ እንኳ እንደዚያ አልቆረጥኩም። እኔና ሐሚድ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመን በወጉ እንጠያየቃለን። ያም ቢሆን እያጠረብን መጣ። ስለ አባቱ አልጠይቀው፣ ስለ አባቴ አይጠይቀኝ፣ ሁለቱም አርፈዋል፤ እናቶቻችንም ሄዱ፣ የመንጌዋ አክስቱም ሄዱ። የሚጠየቅ ሰው ሲያልቅብን ወደ ገዛ አካላችን ገባን። እሱ ስለ ስኳሬ፣ ስለ ዓይኔ፣ ስለቀሩኝ ጥርሶች ይጠይቀኛል። የእኔ እግር አሁንም ይቁነጠነጣል፤ ቢሆንም ስለ ግራ ጉልበቱ ጠይቄ የቀኙን ሳልጠይቅ እጁን አልለቅም።