የገዢው ማኅተም

ወንድሜ የሞተው ጂፑን ሳይጨርስ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ሌላ መጀመሪያ ግን አላገኘሁም።

አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። በደረሰባቸው አደጋ የቀኝ ጉልበታቸው ደረቀ። ፍሬን አንዴ መርገጥ ይችላሉ፤ ነዳጅ መስጫውን ግን ረግጠው ማቆየት አይችሉም፤ ጥቂት እንደሄዱ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ሥራ ካቆሙ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለዩ ነበር። "ይኼ ማርሹን አጥፍቶታል" ይላሉ ለራሳቸው።

ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሞተሩ የተቃጠለ አሮጌ ጂፕ አገኘና ከተዘጋ ወፍጮ ቤት የናፍጣ ሞተር አምጥቶ ገጠመለት። ሰው ሳቀበት። "ስንዴ ጭነህ ዱቄት ልታወርድ ነው?" አሉት። ጂፑ ግን ሄደ። የቀረው ፍጥነቱን በእጅ የሚይዝ መያዣ ነበር፤ አባባ እጀታውን ስበው እግራቸውን እንዲያሳርፉ። እጀታውን መሪው አጠገብ ተከለ፤ እጀታውን ከሞተሩ የሚያገናኘውን የሽቦ ገመድ፣ ካቦውንም ለክቶ ቆረጠ። ከዚያ ትኩሳት ያዘው። በአሥረኛው ቀን ቀበርነው።

አርባው ካለፈ በኋላ የጋራዡ ባለቤት ቤታችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወንድሜን ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጂፑ ቆሞ ከሚዝግ ሞተሩ ወጥቶ ለውኃ መሳቢያ ቢሆን ይሻላል አሉ። አባባ ቀና እንኳ ሳይሉ "የሚመጣው ቅዳሜ አውጣው" አሏቸው።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሽማግሌውን እስከ በር ሸኘኋቸው።

"ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ እኔ ልሞክረው?"

"በምን እጅህ? ጠመኔ በያዝክበት?" አሉኝ። የጋራዡን በር ግን አልከለከሉኝም።

ከትምህርት ቤት እየወጣሁ እዚያ እሄድ ነበር። ካቦውን ወደ ሞተሩ ናፍጣ በሚያስገባው ዘንግ ላይ አሰርኩት። አንድ ስንዝር ያህል ተረፈኝ፤ ጠቅልዬ ተውኩት። ረቡዕ ዕለት ከሽማግሌው ጋር ጂፑን ይዘን ወጣን። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ አቃሰተ፤ ሊጠፋም ደረሰ። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ጂፑ በረረ። ሽማግሌው እጀታውን ከእጄ ነጥቀው ባይመልሱት ገደል በገባን ነበር።

"ወንድምህን ልትከተል ነው?" ብለው ጮኹብኝ። ያሉትን ራሳቸው ሰምተው ደነገጡ።

ከሞተሩ ጋር የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። በውስጡ "ገቨርነር" ስለሚባል ነገር የሚያወራ አንድ ምዕራፍ አለ። የትምህርት ቤታችን መዝገበ ቃላት ቃሉን "አገር ገዢ" ብሎ ይፈታዋል። "ፍጥነቱን የሚወስነው ገዢው ነው፤ የገዢውን ማኅተም መስበር ክልክል ነው" ይላል መጽሐፉ። የመንግሥት ደንብ መስሎኝ ምዕራፉን እንዳለ ዘልዬው ነበር። ሐሙስ ዕለት ሌላ የማነበው ሲጠፋ ተመልሼ አነበብኩትና ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ነገሩ ያለ ገዢው አይሆንም።"

"ገዢ ተገኘ እንዴ? እኔ ሞተሩን መች ለሽያጭ አልኩ?"

"የሚሸምተው ሳይሆን አገር የሚገዛው። ማኅተማቸው አለበት ይላል። ማመልከቻ ጽፈን ብናስገባስ?"

"ማኅተም? የት ላይ?"

"ሞተሩ ላይ።"

ፒንሳቸውን አስቀመጡ። ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ጎን ያለች ክብ ሣጥን አሳዩኝ። ከጎኗ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ጫፉ ላይ የእርሳስ ብረት ተደፍጥጦበታል፤ በእርሳሱ ላይ ፊደል ተቀርጿል።

"ይኼ ነው ማኅተሙ?"

"እ... ይመስለኛል።"

ጎማ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "አዬ ተማሪው! ወፍጮ እህል ሲበዛበትም ሲያንስበትም እኩል የሚዞረው በምን ይመስልሃል? በዚች ነው! ሲከብዳት ናፍጣ ትጨምራለች፣ ሲቀላት ትቀንሳለች። ገዢስ እሷ ናት! በል ማመልከቻህን ለሷ አስገባ!" ከዚያ ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህን ውጭ እንዳታወራ፤ በአገር ገዢ ቀለዱ ይሉናል።"

እኔም ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አፈርኩ።

ካቦው መታሰር የነበረበት ዘንጉ ላይ ሳይሆን ከሣጥኗ ውጭ ባለው ሞላ ላይ ነበር ማለት ነው። ሞላው ሲሳብ ሣጥኗ የተፈለገውን ፍጥነት ታውቃለች፤ ናፍጣውን ራሷ ትመጥናለች። ማኅተሙን አልነካነውም። ካቦውን ከዘንጉ ፈታሁና የጠቀለልኩትን ዘርግቼ ወደ ሞላው ወሰድኩት። ልክክ አለ። አንድ ጣት ያህል እንኳ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ወንድሜ የለካው ለዚህ ነበር። ሽማግሌው ጫፉን በጣታቸው ይዘው ቆዩ። "ሳይነግረኝ" አሉ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይወጣ አንድ ጊዜ እንዲያዩት አባባን ለመንኳቸው። እምቢ ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሽማግሌው ግን የሾፌሩን በር ከፍተው ያዙላቸው። አባባ ቆም ብለው አዩት። ከዚያ የታመመውን እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው አስገቡና ተቀመጡ። እኔ ከጎናቸው ሆንኩ፣ ሽማግሌው ከኋላ። እስከ መጀመሪያው ድልድይ ሄደን ልንዞር ተስማማን።

ከተማውን እንደወጣን እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"እጀታውን ይሳቡት፣ አባባ።"

ሳቡት። እግራቸውን አነሡ። ፍጥነት መቁጠሪያው ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ። ዳገቱ መጣ፤ ሞተሩ ድምፁን አወፍሮ ወጣው፣ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ቁልቁለቱ መጣ፤ ሞተሩ ራሱን ያዘ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። ቀጥሎ ያለው ዳገት ላይ የጫነ መኪና ደረስንበት። አባባ ጥሩንባቸውን አንጫረሩት፤ አለፍነው። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አያቸውና "ጋሼ! እርስዎ ነዎት?" ብሎ ጮኸ።

"ጥግህን ያዝ፣ አንተ ኤሊ!" አሉት።

ድልድዩን ተሻገርን። አልዞሩም።

"አባባ፣ እዚህ ነበር የምንዞረው።"

"ማን አለ?"

"ኧረ ሰውዬ፣ ሞተሩን ወዴት ነው የምትወስደው?" አሉ ሽማግሌው ከኋላ።

"የልጄን ሞተር ነው" አሉ አባባ። ከቀብሩ ወዲህ "ልጄ" ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ድምፃቸው ተሰበረ፤ መሪው ግን ቀጥ ብሎ ነበር። "ለውኃ መሳቢያህ ሌላ ፈልግ።"

"እሺ፣ እፈልጋለሁ" አሉ ሽማግሌው፤ ሳቃቸውም መጣ።

ደጀን ደርሰን ምሳ በላን። አባባ ናፍጣ አስሞሉ። ስንመለስም መሪውን ለማንም አልሰጡም።