የመሪጌታ ሬዲዮና የእኔ ጭብጨባ

ባለፈው ሰሞን ልጃችን አዲስ ሬዲዮ ገዝቶ አመጣልን። የሚሽከረከር ቁልፍ የለውም፤ ቁጥር ሲነኩለት ጣቢያው ላይ ይቆማል። «አባባ፣ ቁጥሩን እንዴት ያውቀዋል?» አለኝ። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ባለቤቴ እናኑ «ወይ ጉድ! ያንን ከበሮ ሊጀምረው ነው» ብላ ወጣች። አልተሳሳተችም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቢቸና ላይ ስፋቷ ከበሯ የማይበልጥ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነበረችኝ። ሙያዬም ከሱቋ አይሰፋም፤ የተበጠሰ ሽቦ እበይዳለሁ፣ የቀረውን በጸሎት። በዚህ አቅሜ ነው እንግዲህ አክስቷን ልትጠይቅ ከሞጣ የመጣችውን እናኑን የወደድኩት። አባቷ ማኅሌት የሚመሩ መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው፣ «የሬዲዮዬ አጭር ሞገድ ያለቦታው ነው የሚገኝ። እሱን ያስተካክልልኝና እንነጋገራለን» ብለው መለሷቸው። ሌላው ጥሎሽ ይጠየቃል፣ እኔ አጭር ሞገድ!

የሬዲዮውን ቀስት ከቁጥሩ ጋር ለማግጠም ልኩ የታወቀ ሞገድ ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱም ፍቅር ይዞታል። በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ደምሴ የሚባል ቴክኒሺያን ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ ይዞ ሞጣ ስልክ ቤት እንደሰነበተና በማግስቱ እንደሚመለስ ሰማሁ። መሪጌታ እዚያ እንዲጠብቁኝ መልእክት ላክሁና ገሠገሥሁ።

ጥቅምት ነበር። አይሱዙ ላይ፣ ከጨው ጆንያ በላይ ተቀምጬ ደብረ ወርቅን አለፍሁ። ጉንደ ወይን ላይ የባቄላ እሸት ገዛሁ። ክረምቱ የቦረቦረው መንገድ ሲያነጥረኝ ግማሹን በአፌ፣ ግማሹን በአፍንጫዬ በላሁት።

ስደርስ መሪጌታ ሬዲዮውን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈውታል። እናኑም ምሳ ይዛ ከጎናቸው ቆማለች።

«ብቻዋን አልተዋትም» አሉኝ። ሬዲዮዋን ይሁን ልጃቸውን ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ደምሴ መሣሪያው ላይ ቁጥር ጻፈ፤ ሞገዱ ወጣ። ሌላ ጻፈ፤ እሱም ወጣ። የመጣሁበትን ረሳሁት። የሞገድን ምት በልኩ የሚጠብቀው ክሪስታል የሚባል ጠጠር መሆኑን አውቅ ነበር።

«ለየቁጥሩ አንዳንድ ክሪስታል አለው?»

«ያለው አንድ ብቻ ነው።»

«አንድ ክሪስታልማ የሚያውቀው አንድ ምት ነው። ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?»

ወረቀት ላይ ቢስልልኝም አልገባኝም። በመጨረሻ ወደ መሪጌታ ዞረ። «መሪጌታ፣ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ ቀስ አድርገው ይምቱልን። አንተ ደግሞ በየምቱ አራት አራት አጨብጭብ፤ አራተኛዋ ከከበሮው እኩል ትረፍ።»

ድም... ድም... የመሪጌታ እጅ ዝንፍ አይልም። የእኔ ግን እናኑን ሳይ ይሮጣል፣ አባቷን ሳይ ይሞታል።

«ቀደምህ!» ይለኛል ደምሴ። ቀስ እላለሁ። «ዘገየህ!» እፈጥናለሁ። እናኑ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። እየታረምሁ አራተኛዋ ጭብጨባ ከምቱ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን አምስት!»

ከበሮው ያው ነው፤ እጄ ግን መፍጠን ግድ ሆነበት። «ስድስት!»

ያን ጊዜ በራልኝ። መሪጌታ ክሪስታሉ ናቸው። እኔ እንደ ልቡ የሚዋልለው ሞገድ አመንጪ ነኝ። ደምሴ ሁለታችንን ያመሳክራል፤ በሳጥኑ ውስጥ የእሱ ጩኸት አመንጪውን የሚያፈጥን የሚያዘገይ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። የምንጽፈው ቁጥር በየምቱ ስንት ጊዜ ይጨብጨብ የሚለውን ይወስናል እንጂ ከበሮውን የሚነካው የለም።

«ታዲያ በሽቦው የሚወጣው የቱ ነው?» አልሁት።

«ያንተው ጭብጨባ! ከበሮውማ ውስጥ ይቀራል። ከበሮው በዘገየ ቁጥር ደግሞ ከሞገድ ወደ ሞገድ ያለው እርምጃ ይጠባል፤ ስለዚህ የክሪስታሉን ምት አካፍለን እናዘገየዋለን።»

ሞገዱን ለሬዲዮው ብንሰጠው ፉጨት ሆኖ ከቁጥሩ አልፎ ማዶ ተሰማ። ብረት ሞገድ ስለሚያዛባ የሬዲዮውን የሽቦ ጥቅልል እምብርት በቀርከሃ ስንጥር ቀስ እያልሁ አዞርሁት። ቀስቱ ከልኩ ቁጥር ላይ እንደቆመ ፉጨቱ ጥርት ብሎ መጣ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡት።

«ሬዲዮው ይሁን» አሉ ቀና ብለው። «አጨባጨብህ ግን ያሳፍራል።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ቢሆንም፣ በልጄ ፊት ዘገየህ ሲልህ አልተቆጣህም፤ ታረምህ። ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው።»

«ያንተም ሬዲዮ ቁጥሩን የሚያገኘው በዚሁ ጭብጨባ ነው» ብዬ ጨረስሁ። ልጄ ይህን ሰምቶ ሬዲዮውን ያገላብጠው ጀመር። እኔም ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አሰብሁ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ብተው ኖሮ የት እደርስ ነበር? የትኛውም ሬዲዮ የሚያገኘኝ አይመስለኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምሳው ቀዘቀዘ፤ ዘገየህ!» አለች እናኑ ከጓዳ።

ፈጠን አልሁ።